ጨው የተጠቀለለበት የጸሎት ደብተር

እትዬ ሚዛን የሚለውን ስም ያወጡላት የእርዳታ ሰልፍ ላይ የሚቆሙ ሴቶች ናቸው። ስሙን አልጠላችውም። ጦርነቱ ወደ ከተማችን ከመምጣቱ በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ተቀጥራ የዱቄት መድኃኒት ስትመዝንና በወረቀት ስትጠቀልል ኖራለች። ቁራጭ ወረቀት ታነጥፋለች፣ ዱቄቱን መሃሉ ላይ ታፈሳለች፣ ግራና ቀኙን ታጥፋለች፣ ከዚያ አንዱን ጫፍ በሌላው ጫፍ ውስጥ ትወሽቃለች፤ በቃ። ጥቅሉ ከጣራ ላይ ቢወረወር አይፈታም። ባለመድኃኒት ቤቱ፣ ነፍሱን ይማርና፣ «በሽተኛው ያንቺን ጥቅል ፈትቶ እስኪጨርስ በሽታው ይለቀዋል» እያለ ይቀልድባት ነበር።

እኔ የጸሎት ቤቱ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ አዳራሹ ውስጥ መስኮቱ ስር ነው ያለው፤ ከእሷ ጠረጴዛ ሦስት እርምጃ ቢርቅ ነው። አዳራሹ ድሮ ልጆች መዝሙር የሚማሩበት ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ አግዳሚዎቹ ተነስተው የዱቄት፣ የዘይት፣ የጨውና የሳሙና መጋዘን ሆነ። እርዳታውን የሚልኩልን በሩቅ ያሉ የእምነታችን ሰዎች ናቸው፤ ፊታቸውን አይተን አናውቅም። መኪናው ነጭ ባንዲራ አድርጎ፣ መንገዱ ሲከፈትለት፣ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ ይመጣል። የጸሎት ቤቱ አስተዳዳሪ አባ ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ሕግ አወጡ። «የመጣውን ሰው ምን እንደሚያምን አትጠይቁት። የራበው ሰው መጀመሪያ ይብላ» አሉ። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት በሩ ይከፈታል፤ የመጣ ሁሉ ይሰለፋል።

ጨዉ የሚመጣው በትልልቅ ጆንያ ስለሆነ ለየቤቱ መከፋፈል አለበት። ፌስታል ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ከተዘጋው ትምህርት ቤት አሮጌ የፈተና ወረቀት እያመጣን በእሱ መጠቅለል ጀመርን። አንዷ ሴት ቤቷ ሄዳ ጥቅሉን ብትፈታው የገዛ ልጇ በሒሳብ ያገኘው ዜሮ ሆኖ ተገኘ። በሚቀጥለው ሐሙስ መጥታ «ሁለት ዓመት የደበቀኝን ጨው አወጣው» ስትል ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እሷም ስቃ ሳትጨርስ ዓይኗ እንባ ሞላ። ልጁን ታጣቂዎች ከወሰዱት ገና ወር አልሞላውም ነበር።

በዚያ ጊዜ ወንድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ ልጇን ትደብቅ ነበር። ከዚህም ወገን ይምጡ ከዚያኛው፣ ታጣቂዎቹ ጎረምሳ ሲያዩ ዝም ብለው አያልፉም። እናቶቹ ሐሙስ ሲመጡ ከዱቄቱ እኩል የሚፈልጉት ጸሎት ነበር። አባ ከእደላው በፊት ይጸልያሉ። አንድ ቀን «የልብስ አጣቢዋን ልጅ ጠብቅልን» ብለው ጸለዩ። ልብስ አጣቢዎቹ ግን ሁለት ነበሩ። በሳምንቱ የአንደኛዋ ልጅ በሰላም ከከተማ መውጣቱ ተሰማ፤ የሁለተኛይቱ ልጅ ተያዘ። ሁለተኛይቱ መጥታ «ጸሎቱ የኔ ነበር፣ እሷ ወሰደችብኝ» ብላ ጠብ አነሳች። አባ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ለይቶ ያውቃል እኮ» ቢሏት «እሱ ካወቀ እርስዎ ለምን ለይተው አልነገሩትም?» አለቻቸው። ጭንቀት የማያናግረው የለም።

በማግስቱ እትዬ ሚዛን ደረቅ ልባስ ያለው አዲስ ደብተር ይዛ መጣች።

«ጸሎትም እንደ መድኃኒት ነው፣ እህቴ» አለችኝ። «ብልቃጡ ላይ የማን እንደሆነ ካልተጻፈበት ሌላው ሰው ይውጠዋል።»

ከዚያ በኋላ ጸሎት የምትፈልግ እናት መጀመሪያ እሷ ዘንድ ትቀመጣለች። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ ሰጠች። ስም፣ የእናት ስም፣ ምልክት፣ ያለበት ቦታ። የመድኃኒት ቤት ልማድ ስለሆነባት ግማሽ ነገር መጻፍ አይሆንላትም። «ለአናጢው ሁለተኛ ልጅ፣ ግራ ጆሮው ላይ ጠባሳ ያለበት፣ በአክስቱ ቤት ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ላለው።» «ለመንታዎቹ፣ በወፍጮ ቤቱ ኮርኒስ ውስጥ ላሉት።» ጽሕፈቷ ክብ ክብ ያለ፣ ማንም የሚያነበው ነው። ቀለሙ ወደ ጀርባ ስለሚያልፍ በአንድ በኩል ብቻ ትጽፋለች። አባ ደብተሩን ይዘው በለሆሳስ ያነቡና ይመልሱላታል፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያነቡም። ይህንን በቂ ጥንቃቄ አድርገን ቆጠርነው። ለእግዚአብሔር አድራሻ ስንጽፍ ለሌላም ሰው እየጻፍን መሆኑን ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ እየሰፋሁ አላሰብኩም።

ሃያ ሰባተኛው ገጽ የራሷ ነበር። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ሬዲዮ ይጠግናል። ገና ጡት ሳይጥል ነው አባቱ የሞተበት። «ለልጄ፣ ለሬዲዮ ጠጋኙ፣ በተዘጋው የቆዳ ፋብሪካ፣ ከውሃ ታንከሩ ስር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ላለው። ሳል አለበት።» ስትጽፈው አይቻለሁ። «ሳል አለበት» የምትለዋን ጽፋ ትንሽ አሰበች፤ መልሳም አልሰረዘቻትም።

አንድ ሐሙስ ለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። አርባ የሚሆኑ ሴቶች ግቢው ውስጥ ተሰልፈዋል። ውጭ መኪና ቆመ። የእኛን መኪና በድምፁ እናውቀዋለን፣ እንደ ሽማግሌ ያስላል። ይሄኛው አላሳለም። ወዲያው ታጣቂዎች በሩን በርግደው ገቡ። አለቃቸው መነጽር ያደረገ፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ አስተማሪ የሚመስል ሰው ነበር።

«ስም የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ ይውጣ» አለ። አልጮኸም።

ከግቢው ጫፍ ካለው ከአባ ቢሮ ጀመሩ። መሳቢያ ሲገለበጥ፣ ወረቀት መሬት ላይ ሲበተን በመስኮቱ ይታየኛል። እትዬ ሚዛን ማንኪያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከንፈሯ ከጨዉ ይበልጥ ነጣ። የጸሎት ደብተሩ ጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከጉልበቷ በላይ ነበር።

አንድ ወታደር መጥቶ አዳራሹ በር ላይ ቆመ። እትዬ ሚዛን ማንኪያውን ወደ ጨዉ መለሰች።

«ልጄ፣ ሴቶቹ ከማለዳ ጀምሮ ቆመዋል። ጨዋቸውን ልስጣቸውና ይሂዱ?»

ወታደሩ ወደ ግቢው ዞሮ ጮኸ። «አለቃ! አሮጊቷ ጨው ላድል ትላለች!»

«ሴቶች ከሆኑ ይውጡ። እየፈተሽክ።»

የመጀመሪያይቱ ሴት ገባች። እትዬ ሚዛን መዝና፣ ጠቅልላ ሰጠቻት። ሁለተኛይቱም፣ ሦስተኛይቱም ወሰዱ። አምስተኛይቱ ላይ ነው ወረቀቱ ሰማያዊ መስመር እንዳለበት ያየሁት። የፈተና ወረቀት መስመር የለውም። ግራ እጇን በግማሽ የተከፈተው መሳቢያ ውስጥ ከትታ ከጸሎት ደብተሩ ገጽ ትገነጥላለች፤ ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርጋ ታነጥፋለች፤ ጨው ታፈስበታለች፤ ታጥፋለች። ነገሩ ገባኝ። የሚገነጠለው ወረቀት ድምፅ እዚያ ጸጥታ ውስጥ እንደ ጥይት ተሰማኝ። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር ስላልነበረ ክር እንኳ ሳላስገባ የስፌት መኪናዬን መርገጥ ጀመርኩ። ባዶ መርፌ ባዶ ጨርቅ ላይ ይወርዳል። እሷ ስትገነጥል እረግጣለሁ፤ ስታጥፍ አርፋለሁ።

ከሰል ሻጯ ተራዋ ደረሰ። ይህች ሴት አፏ አያርፍም፤ ጋሪዋ ከመታየቱ በፊት ድምፅዋ ይሰማል። መዝገባችን ላይ ሁልጊዜ በጣቷ ነው የምትፈርመው።

«እትዬ ሚዛን፣ ዛሬ ምን ነካሽ? ግማሹን ጨው ጠረጴዛው በላው እኮ!»

«ያዢና ሂጂ።»

«ወረቀቱማ አዲስ ነው! ዛሬ ደግሞ የማን ልጅ ነው የወደቀው?»

ወታደሩ ቀና አለ። የኔ እግር መርገጡን ትቶ ቆመ።

«ያንቺ ባል ነዋ!» አለች ከኋላዋ የቆመችው። «አንደኛ ክፍልን አምስት ጊዜ የደገመው!»

ሰልፉ ሳቀ፤ ወታደሩም ፈገግ አለ። ከሰል ሻጯ «እሱስ አምስቴም ቢሆን ደግሟል፣ ያንቺው መቼ ገባና!» እያለች ጥቅሏን ጡቷ ውስጥ ወሽቃ ወጣች። እትዬ ሚዛን ቀና ብላ ማንንም አታይም። በኋላ እንደነገረችኝ የማን ገጽ ለማን እንደደረሰ ካየች ፊቷ እንዳያሳብቅባት ፈርታ ነው።

ሃያ ስንተኛይቱ ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ወታደሩ አንዲትን ባልቴት አስቁሞ ጥቅሏን ተቀበላት። ሊፈታው ታገለ፤ እምቢ አለው። በጥፍሩ ጎኑን ቀደደና ጣቱን ከትቶ ቀመሰ። ጨው ነው። ምራቁን ተፋ። በተቀደደው በኩል ጨዉ መሬት ላይ ይፈስሳል። ካለሁበት ሆኜ የአንዲት ፊደል ጭራ አየሁ፣ ወይም ያየሁ መሰለኝ። ባልቴቷ ቀዳዳውን በአውራ ጣቷ ደፍና «ጨርሰኸው እኮ ነው ልጄ፣ ትንሽ አስቀርልኝ» አለችው። አፈረ መሰለኝ ለቀቃት።

ሰልፉ ሳያልቅ ደብተሩ አለቀ። የቀሩት ሴቶች በፈተና ወረቀት ተጠቀለለላቸው። ልባሱ ብቻ ሲቀር እትዬ ሚዛን የወደቀ ማንኪያ እንደምታነሳ ጎንበስ ብላ፣ ሁለት አጥፋ፣ ከሚወዛወዘው የጠረጴዛ እግር ስር ሸጎጠችው። ቀና ስትል አለቃው አባን አስቀድሞ ገባ።

«አባ የጸሎት ደብተር አለ ብለውኛል። እሳቸው ውሸት አያውቁም። የት ነው?»

አባ መሬት መሬት ያያሉ። ከእሳቸው ውሸት ሊወጣ እንደማይችል ሁላችንም እናውቃለን፤ ያን ለት ግን ምነው አንዲት ብቻ በቻሉ ብዬ ተመኘሁ።

«አልቋል ጌታዬ» አለች እትዬ ሚዛን።

«ሌላ አልጀመራችሁም?»

«ወረቀት ከየት ይመጣል?»

መሳቢያውን ጎትቶ አወጣው። የዱቄቱን ጆንያዎች በሳንጃ አስወጋ። የኔን ጨርቅ አንድ በአንድ አስገለበጠ። ከዚያ የእደላውን መዝገብ ብቻ ብብቱ ውስጥ አደረገና እሷ ፊት ቆሞ መነጽሩን በመሐረብ እየጠረገ «እናቴ፣ እግዜር አድራሻ ይጠፋዋል እንዴ? ምን ያስጽፋችኋል?» አላት። ሳቅ ብሎ ወጣ።

መኪናው ከሄደ በኋላ ደስ ሊለን ይገባ ነበር። አልሆነም። እትዬ ሚዛን ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። «እህቴ፣ ምን አደረግኩ?» አለችኝ። «ከአንድ ሰው እጅ አወጣሁና ለሠላሳ አራት ሰው በተንኳቸው።»

እውነቷን ነው። ከሴቶቹ ማንበብ የምትችል አለች፣ ወሬ መያዝ የማትችል አለች፣ ባሏ ከታጣቂዎቹ ጋር የሚሠራም አትጠፋም። እሷ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ታውቀዋለች። ዓይኗን ጨፍና ለአባና ለሦስት የጸሎት ቤቱ አገልጋዮች አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ እነሱም እናቶቹን ለማስጠንቀቅ በየሰፈሩ ሮጡ። ሃያ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ «የኔን እኔው» አለች። ብቻዋን እንዳትሄድ ተከተልኳት።

ከቀትር በኋላ ነው። ሱቆቹ ተዘግተዋል፤ የመንገዱ ዳር በተሰበረ መስታወት ተሞልቷል፣ ጫማችን ስር ይንኮሻኮሻል። ሁለት ሁለት ሳሙና ይዘናል። ድልድዩ ላይ የቆመው ታጣቂ «ወዴት ነው እማማ?» አለን። እሷ «ሰው አሞብን ነው፣ ሳሙና ልናደርስ» አለች። አንዱን ሳሙና አሽትቶ ኪሱ ከተተና አሳለፈን። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም። ከኋላዬ የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ዞር እላለሁ፤ የሚሰማኝ ግን የራሳችን ኮቴ ነበር።

የቆዳ ፋብሪካው ግቢ ከተዘጋ ስንት ዓመቱ፣ ሽታው ግን አልለቀቀም። ታንከሩ ስር ያለው ቆርቆሮ ተነስቷል። ጎንበስ ብላ «ልጄ» አለች። ዝም። «ቀጭኑ» አለች፣ በልጅነት ስሙ። ዝም። ጉድጓዱ ባዶ ነው። የሻማ ጉማጅ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ እና አንድ ብርድ ልብስ አለ። ብርድ ልብሱ አራት ቦታ ታጥፏል።

«ልጄ ተወልዶ እስካሁን ብርድ ልብስ አጥፎ አያውቅም» አለች። «ይህን ያጠፈው ሌላ ሰው ነው።»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ጸሎት እንኳ ጠፋኝ። በዚህ ጊዜ ከግንቡ ጀርባ የጋሪ ጎማ ሲንቋቋ ሰማን። መደበቂያ ስንፈልግ ከሰል ሻጯ ባዶ ጆንያ በትከሻዋ ጥላ ብቅ አለች።

«እናንተ ደግሞ እዚህ ምን ታደርጋላችሁ?» አለች በሹክሹክታ። ስታንሾካሽክ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ብርድ ልብሱን ልወስድ ተመልሼ መጥቼ ነው። አሁን ከዚህ ጥፉ!»

«ልጄስ?»

«ደህና ነው።»

እትዬ ሚዛን ቀሚሷን ጨምድዳ ያዘቻት። ከሰል ሻጯ አጠገቧ ቁጢጥ አለችና ነገረችን። ቤቷ ገብታ ወጥ ልታጣፍጥ ጥቅሉን ስትፈታ ጽሑፍ አየች፤ አነበበችው።

«አንቺ ታነቢያለሽ እንዴ?» አልኩ ሳላስበው።

«ፈርሚ አላችሁኝ እንጂ አንብቢ ያለኝ አለ? ጣት ይፈጥናል።» ወደ እትዬ ሚዛን ዞረች። «ያስነሳኝ ‹ሳል አለበት› የምትለዋ ናት። የሚያስል ሰው ጉድጓድ ውስጥ ይደበቃል? ሄድኩና ፊቱን ከሰል ቀባሁት፣ ጆንያ ከላይ ደረብኩበት፣ ጋሪው ላይ ጭኜ ወጣሁ። ኬላው ጋ ስንደርስ ሳሉ ተነሳበት። እኔም አብሬው ሳልኩ። እሱ ሲያስል እየበለጥኩት አስላለሁ። ወታደሩ አፍንጫውን ይዞ ‹በሽታሽን ይዘሽ ጥፊ!› ብሎ አባረረኝ።» ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን አልወጣላትም።

«ወረቀቱስ?»

«ከሰል ሻጭ እሳት አያጣም።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እህቴ። እግዚአብሔር ይስጥሽ። አሁን የት ነው ያለው?»

«አልነግርሽም።»

«እናቱ ነኝ እኮ!»

«እናቱ ስለሆንሽ ነው። ትጽፊዋለሽ።»

«አልጽፍም! ሁለተኛ አልጽፍም!»

«እንግዲያው ትናገሪዋለሽ። ይዘው ቢያስጨንቁሽስ? አንቺ ደግሞ ግማሽ ነገር መናገር አታውቂም፤ የበሩን ቀለም ሳይቀር ነው የምትነግሪያቸው።»

እትዬ ሚዛን ቀሚሷን ለቀቀቻት። «በልቷል?» አለች።

«በልቷል።»

ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።

በሦስተኛው ቀን የአናጢው ልጅ ሌላ መደበቂያ ሳይገኝለት እዚያው ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ እንዳለ ተያዘ። ከወረቀቱ ይሁን ከጎረቤት ጥቆማ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሌሎቹ በጊዜ ቦታ ቀይረው ነበር። እትዬ ሚዛን ግን «ሠላሳ ሦስቱ ተረፉ» ብላ አታውቅም፤ አንዱን ብቻ ነው የምትቆጥረው። አናጢው ቤት ሄዳ ያደረገችውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረችው። ሰውየው «ተቀመጪ» አላት አሉ። ሌላ ቃል አልተናገራትም።

አሁንም ሐሙስ ሐሙስ ጨው ትመዝናለች። ደብተር የለም። ልጇ የት እንዳለ አታውቅም። አንድ ቀን ከሰል ሻጯን ከገበያ ጀምሮ ከኋላ ከኋላ ስትከተላት አይቻታለሁ፤ ጋሪው ከሚታጠፍበት ጥግ ስትደርስ ግንቡን ይዛ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ኋላዋ ተመለሰች። ወሬ የምታገኘው ከሰልፉ ነው። ከሰል ሻጯ ጥቅሏን ስትቀበል ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ጣል ታደርግላታለች። «ሳሉ ቀለል ብሎታል።» «ዛሬ ሬዲዮ ጠገነልኝ፤ ዝም ብሎ ይጮሃል።» እትዬ ሚዛን ሳምንቱን ሙሉ በዚያች ትውላለች።

ባለፈው ሐሙስ ከሰል ሻጯ ሰልፉ ላይ አልታየችም። ጋሪዋም ከማክሰኞ ጀምሮ መንገድ ላይ አልታየም ይላሉ። የእሷን ድርሻ እትዬ ሚዛን መዝና፣ ጠቅልላ፣ ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠችላት። ሰልፉ አለቀ። አባ በሩን ሊዘጉ መክፈቻውን ይዘው መጡ።

«አባ» አለቻቸው፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ፣ «ትንሽ እንጠብቅ።»